ቆዳው መጨረሻ ነው፦ የአሮጌ መኪና ስፖርት ወንበር ቤት ውስጥ ማደስ

እዚህ ፍራንክፈርት የምነዳት መኪና የ1988 ቢኤምደብሊው ኢ30 ናት። ስገዛት ሞተሯ ጤነኛ፣ ቦዲዋ ደህና ነበር። የሹፌሩ ወንበር ግን አይጥ የበላው ትራስ ይመስላል። በበሩ በኩል ያለው ጎኑ ተተርትሮ ቢጫ ስፖንጁ አፍጥጧል። ከስሩ፣ ምንጣፉ ላይ፣ እንደ በሶ ዱቄት የሆነ ነገር ረግፏል።

ቁም ነገሩ ያለው በሶው ላይ ነበር። እኔ አላየሁትም። ሮጥ ብዬ የቆዳ ቀለም ገዛሁ። ቀባሁት፣ አማረ። ወር ሳይሞላው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ወንበሩን ስፈታው ነው። ዱቄቱ ስፖንጁ ራሱ ነው፤ አርጅቶ እየተፈረፈረ ከውስጥ አልቋል። ቆዳው የሚደግፈው ስላጣ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ይታጠፋል። በየቀኑ የሚታጠፍ ነገር ላይ ደግሞ ቀለም አይቆይም።

ስለዚህ ሥራው ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ብረቱ፣ ሞላው፣ ስፖንጁ፣ ስፌቱ፣ በመጨረሻ ቀለሙ። ሰው ሁሉ ከመጨረሻው የሚጀምረው ለዓይን የሚታየው እሱ ስለሆነ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት

ስፖርት ወንበርን ከተራው የሚለየው ጭንና ወገብን ከግራና ከቀኝ ደግፎ የሚይዘው ጎላ ያለ ጎኑ ነው። እኔ ማቀፊያ እለዋለሁ። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያጋድል ሹፌሩ እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ቀድሞ የሚያረጀውም እሱ ነው። በተለይ በበሩ በኩል ያለው፤ በገባንና በወጣን ቁጥር ሙሉ ክብደታችንን ጥለንበት እንንሸራተታለንና።

አውራ ጣታችሁን ማቀፊያው ላይ ጫን አድርጉ። ስፖንጁ ወዲያው ከተመለሰ ደህና ነው። ተኝቶ ከቀረ፣ ወይም ጣታችሁ ብረት ከነካ፣ ስፖንጁ አልቋል። ቀጥሎ ተቀመጡና ወደፊት ወደኋላ ተወዛወዙ። ቋ የሚል ድምፅ ካለ ችግሩ ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ወይም የብረት ክፈፉ ጋ ነው። የስልካችሁን መብራት ይዛችሁ ከስር ተመልከቱ። የተሰበረ ሞላ፣ ዝገት፣ የተሰነጠቀ ብየዳ ካለ አሁኑኑ እወቁት።

አንድ ምክር እዚህ ላይ። ሁለቱንም ወንበር በአንድ ጊዜ አትፍቱ። የተሳፋሪው ወንበር መማሪያችሁ ነው። ሽቦው በየት ዞሮ እንደገባ፣ ስፌቱ የት እንደሚያልቅ ሲጠፋባችሁ ሄዳችሁ የምታዩት እሱን ነው። ከዚህም የበለጠ ጥቅም አለው፤ ስፖንጁ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ማውጣት

በወንበሩ ጎን ኤርባግ ያለው አዲስ መኪና ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ አይደለም። ባትሪ መንቀልና መጠበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። እንደ ኢ30 ያሉ መኪኖች ወንበራቸው ውስጥ ኤርባግ የላቸውም። ቢሆንም ባትሪውን ንቀሉ። የወንበር ማሞቂያና የቀበቶ መቆለፊያ ሽቦ ሊኖር ይችላል።

ወንበሩ ወለሉ ላይ በአራት ቦታ ይታሰራል። ወደኋላ ስትገፉት የፊቶቹ፣ ወደፊት ስትስቡት የኋላዎቹ ይገለጣሉ። ሠላሳ ዓመት ያልተነካ ብሎን በአንድ ጊዜ አይላቀቅም። ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፉበትና ጠዋት ተመለሱ። በጉልበት ከሄዳችሁ ብሎኑን ትቆርጡታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው የወንበር ሳይሆን የወለል ይሆናል።

ከማንሳታችሁ በፊት ከስር እጃችሁን አስገብታችሁ ሶኬቶቹን ንቀሉ። የበሩን ደፍ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ የሐዲዱ ጫፍ ስለታም ነው፣ ቀለም ይጭራል። ስፖርት ወንበር ይከብዳል፣ ለማንሳት ሰው ጥሩ። እኔ ብቻዬን አውጥቼ ሦስት ቀን ወገቤን ይዤ ዞሬያለሁ።

ልብሱን መግፈፍ

የምሠራው ኬለር ውስጥ ነው፤ ጀርመን አገር ለየቤቱ የሚሰጠው የምድር ቤት ዕቃ ማስቀመጫ። ጠባብ ነው፣ ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ቆዳ ደግሞ ሲጎትቱት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወንበሩን ቀድሜ ሳሎን አውጥቼ ማሞቂያው አጠገብ አሳድረዋለሁ። አዲስ አበባ ብሆን ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነገሩ ያልቅ ነበር።

መጀመሪያ መደገፊያውን ከመቀመጫው ለዩ። ከዚያ ሁሉንም ነገር ፎቶ አንሱ። በዝቷል አትበሉ፤ እኔ ለአንድ ወንበር ከመቶ በላይ አንስቼ አሁንም ያላነሳሁት ቦታ ነበር።

ልብሱ ከክፈፉ ጋር የተያያዘው በትንንሽ የሽቦ ቀለበቶች ነው። በመቁረጫ ፒንሳ ቁረጧቸው። ሲቆረጡ ይፈናጠራሉ፤ መነጽር አድርጉ። ቀለበቶቹ ይጣላሉ፣ አዲስ በርካሽ ይገኛል። የማይጣለው በልብሱ ውስጠኛ ገጽ በተሰፋ የጨርቅ ቦይ ውስጥ ያለፈው ቀጭን ሽቦ ነው። የወንበሩን ቅርጽ ወደ ታች ስቦ የሚይዘው እሱ ነው። እያንዳንዱን ሽቦ አውጡና በወረቀት ቴፕ ላይ "መቀመጫ፣ ግራ፣ ፊት" እያላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ሁሉም አንድ ይመስላሉ፣ ግን አንድ አይደሉም።

አሮጌ ስፖንጅ አንዳንዴ ከልብሱ ጋር ተጣብቆ ይጠብቃችኋል። በቢላ አትሂዱበት። ለበዓል በግ የገፈፈ ሰው ይህን ያውቃል፤ ቆዳው እንዳይበሳ ቢላው ይቀመጥና ጡጫ በቆዳውና በሥጋው መካከል ገፋ እየተደረገ ይገባል። እዚህም እንደዚያው ነው። ጣታችሁን አጥፋችሁ ቀስ እያላችሁ ግፉ። የማሞቂያ ምንጣፍ ካጋጠማችሁ እንዳታጥፉት፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ከተሰበረ አይሞቅም፣ ወይም አንድ ቦታ ብቻ ያቃጥላል።

ብረቱና ሞላው

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ የዝገት መከላከያ ቀቡ፣ ቀለም ደርቡበት። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የተሰነጠቀ ክፈፍ ግን በቤት ውስጥ አይበየድም። በግጭት ጊዜ ሰውን የሚይዘው ይህ ብረት ነው። ደህና ያገለገለ ክፈፍ ፈልጉ፤ ከልብስና ከስፖንጅ ይልቅ ክፈፍ በቀላሉ ይገኛል። የሐዲዱን አሮጌ ግራሶ ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ።

የተላቀቀ ሞላ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የተሰበረ ይቀየራል። በሞላውና በስፖንጁ መካከል ወፍራም ሸራ አንጥፉ። የእኔ ወንበር ላይ የነበረው ጨርቅ ተበጣጥሶ ሞላው ስፖንጁን እንደ መጋዝ ሲቆርጠው ኖሯል። በሶው ከዚያ ነው የመጣው።

ስፖንጁ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ አሳምራችሁ ይህን ካበላሻችሁ ወንበሩ ኋላ ያሳፍራችኋል።

ለአንዳንድ ታዋቂ ሞዴሎች በቅርጹ የተጣለ አዲስ ስፖንጅ ይሸጣል። ካገኛችሁ ግዙ፣ ሁለት ቅዳሜ ትርፍ ታገኛላችሁ። ካላገኛችሁ የሞተውን ክፍል ቆርጣችሁ አዲስ ትተካላችሁ። ሙሉውን መጣል የለባችሁም። ብዙ ጊዜ መሀሉ ደህና ነው፤ ያለቀው ማቀፊያው ነው።

የመጀመሪያ ስህተቴን ልንገራችሁ። ከአሮጌ ፍራሽ ቆርጬ ሞላሁት። ሲቀመጡበት ደስ ይላል፣ ለስላሳ ነው። በሦስት ወሩ ግን ማቀፊያው እንደ ባዶ ኪስ ተንጠለጠለ። ርካሽ የፍራሽ ስፖንጅ በኪዩቢክ ሜትር 20 ወይም 25 ኪሎ ቢመዝን ነው። ለመኪና ወንበር 40 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን፣ ተጭኖ ወዲያው የሚመለስ ስፖንጅ ይፈለጋል። ለማቀፊያው ደግሞ ጠንከር ያለውን ምረጡ። ሻጩን ስትጠይቁ "ጠንካራ ነው?" ብቻ አትበሉ። ጥንካሬና ክብደት የተለያዩ ናቸው። ጠንካራ ሆኖ ቀላል የሆነ ስፖንጅ ቶሎ ይሞታል።

አሁን የተሳፋሪው ወንበር የሚጠቅምበት ሰዓት ነው። መሪው በግራ በሆነ መኪና የሹፌሩ ወንበር የሚያልቀው በግራ፣ በበሩ በኩል ነው። የተሳፋሪው ወንበር ግራ ጎን ደግሞ በመኪናው መሀል በኩል ይውላል፤ ማንም አይሻገርበትም። ያውም የሁለቱ ግራ ጎን አቅጣጫው አንድ ነው። ካርቶን አስደግፋችሁ የዚያን ጎን ቅርጽ በእርሳስ አውጡ። ፋብሪካው ሲሠራው የነበረውን ቅርጽ አገኛችሁ ማለት ነው። በአንዳንድ ወንበሮች የሁለቱ መቀመጫ ስፖንጅ አንድ ዓይነት ስለሚሆን እንዲያውም ቦታ ማቀያየር ብቻ ይበቃል።

የሞተውን ክፍል በዳቦ ቢላ ቁረጡ። ጥርስ ያለው ረጅም ቢላ ከማንኛውም መቁረጫ ይሻላል። የምትቆርጡት ደህናው ስፖንጅ እስኪመጣ ነው፤ በጣታችሁ ስትፈትጉት ዱቄት የማይሆነው ድረስ። የቆረጣችሁበት ፊት ቀጥ ያለ ይሁን። ሰያፍና ጎድጓዳ ላይ አዲሱ አይገጥምም።

አዲሱን ቁራጭ ከካርቶኑ ቅርጽ በሁሉም በኩል 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አተልቁት። ልብሱ ሲለብስ ይጨምቀዋል፤ በልኩ ከቆረጣችሁት ልብሱ ኋላ ይጨማደዳል። ለስፖንጅ የሚሆን ማስቲሽ ሁለቱም ፊት ላይ ንፉ። ወዲያው አታጣብቁ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና በጣታችሁ ነካ አድርጉት። ያዝ አድርጎ ከለቀቀ፣ ጣት ላይ ግን ካልቀረ፣ ጊዜው አሁን ነው። አንዴ ከተነካካ ወደኋላ ስለሌለ መሀሉን አስተካክላችሁ ከዚያ ግፉ። መስኮት ክፈቱ። እኔ ኬለር ውስጥ በሩን ዘግቼ ስነፋ ራሴ ዞሮብኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው የነቃሁት። ሲጋራም፣ የውሃ ማሞቂያ እሳትም በአካባቢው አይኑር።

ሲደርቅ ቅርጽ ማውጣት ነው። 60 ወይም 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ በቀስታ አሹት። ስፖንጅ እንደ እንጨት ይሞረዳል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። ይሞረዳል፣ ያውም ያምራል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በእጃችሁ ዳብሱት፤ ዓይን የማያየውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል። መጨረሻ ላይ ስስ የፖሊስተር ጥጥ በላዩ አንጥፉ። ትንንሽ ጉድለቶችን ይደብቃል፣ ልብሱም በቀላሉ እንዲንሸራተት ያደርጋል።

ስፌቱ

ክሩ ብቻ የተበጠሰ፣ ቆዳው ግን ደህና ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። አሮጌዎቹን የመርፌ ቀዳዳዎች ተከትላችሁ በእጅ ስፉት። አዲስ ቀዳዳ አትጨምሩ። ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ሲደራረብ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል። አንድ ረጅም ክር፣ ሁለት መርፌ፤ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ በዚያው ቀዳዳ ይለፉ። ይህ ስፌት አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው አይተረተርም። ክሩ ፖሊስተር ወይም ናይለን ይሁን። የጥጥ ክር በላብና በፀሐይ ይበሰብሳል። ውፍረቱ እዚህ አውሮፓ 20 ወይም 30 ቁጥር የሚባለው ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክሩ ይወፍራል።

ቆዳው ራሱ ከተቀደደና ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ከውስጥ በኩል ጠንካራ ጨርቅ በሚለጠጥ ሙጫ ለጥፉ። ከላይ መለጠፍ ጎማ እንደማስለጠፍ ነው፤ ይታያል። ማቀፊያው ላይ ከእጅ መዳፍ የሚበልጥ ቀዳዳ ካለ ግን ያንን ቁራጭ ሙሉውን ቀይሩት። ስፌቱን ፍቱ፣ አሮጌውን ቁራጭ በብረት ካውያ ሳይሆን በእጃችሁ ዘርጉት፣ አዲሱ ቆዳ ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን ሳሉ። ከመፍታታችሁ በፊት በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በሁለቱም ቁራጭ ላይ የሚሻገር ምልክት አድርጉ። ስትሰፉ ምልክት ከምልክት ይገናኛል። ይህን ካላደረጋችሁ መጨረሻ ላይ አንዱ ቁራጭ 2 ሴንቲ ሜትር ተርፎ ያገኛችኋል።

ቆዳ ስትመርጡ የላም ቆዳ፣ ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ግድም። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የበግ ቆዳ አምጥታልኝ ነበር። ልስልስ ያለ፣ ሲነኩት ልብ የሚያርፍበት። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ በዓለም የታወቀው ለጓንት ነው፤ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ። ግን ጓንት ላይ ማንም አይቀመጥም። ለወንበሩ አልሆነም፤ የማርሹ ዘንግ ዙሪያ ያለውን ከረጢት ሰፋሁበት፣ እስካሁን ያምራል።

የቤት ስፌት መኪና ሁለት ድርብ ቆዳ ላይ ያቃስታል። የቆዳ መርፌ አስገቡ፣ ስፌቱን አርዝሙት፣ ፔዳሉን ትታችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩ። እንቢ ካለ ልብሱን ብቻ ይዛችሁ ወደ ሰፊ ሂዱ። ተፈትቶ፣ ተቆርጦ፣ ምልክት ተደርጎበት የመጣ ሥራ ስፌቱ የአንድ ሰዓት ነው፤ ሒሳቡም እንደዚያው ይቀንሳል።

ወንበራችሁ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ የፋብሪካውን ጨርቅ ለማግኘት ታገሱ። እዚህ ጀርመን 30 ዓመት የሞላው መኪና በሰሌዳው መጨረሻ የታሪካዊ መኪና ምልክት የሆነችውን "ሃ" (H) የምትባለውን ፊደል እንዲያገኝ ሁኔታው ለቀድሞው የቀረበ መሆን አለበት። ቀይ ቬልቬት ደስ ሊላችሁ ይችላል። መርማሪውን ደስ አይለውም።

አሁን ቀለም

እዚህ ላይ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። ገና ከመጀመሪያው፣ ከዚያ የተሰነጣጠቀ ቀለምም በፊት፣ ጥቁሩን ወንበር በጫማ ቀለም ወልውዬው ነበር። አበራ። እሑድ ጠዋት እናቴን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስትወርድ ነጠላዋ ጀርባ ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ ጥቁር መስመር። እናቴ ምንም አላለችም። ነጠላዋን ገልብጣ ለበሰችና ገባች። የጫማ ቀለም ሰም ነው፤ ሲሞቅ ይለቃል። አትሞክሩት።

በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና አረፋ እጠቡ፣ ውሃ አታብዙ። ያፈሰሳችሁት ሳይሆን አረፋው ነው የሚያጸዳው። ሲደርቅ በአልኮል ጨርቅ ቅባቱን አንሱ። ቤንዚንና ቲነር አትጠቀሙ፤ የቀረውን ጤነኛ ቀለም ያነሱታል፣ ቆዳውንም ያደርቁታል። የተሰነጣጠቀውን በ600 ከዚያ በ1000 ቁጥር ወረቀት ቀስ ብላችሁ አለስልሱ። ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነ የሚለጠጥ የቆዳ መሙያ በስሱ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ እንደገና። አንዴ በወፍራሙ ከሞላችሁት ይሰነጠቃል።

ቀለሙ በውሃ የሚሟሟ የቆዳ ቀለም ይሁን። በማይታይ ቦታ፣ ከመቀመጫው ስር፣ ሞክሩት። እርጥብ ሆኖ ያየነው ሲደርቅ ይለወጣል። በስፖንጅ ቁራጭ እየነካካችሁ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ በፀጉር ማድረቂያ አድርቁ፣ ድገሙ። ሦስት ወይም አራት ጊዜ። የመጀመሪያው ዙር ዝንጉርጉር ሆኖ ያስደነግጣል፣ አትደንግጡ። በመጨረሻ የማያብለጨልጭ መከላከያ ደርቡ። የሚያብረቀርቅ ወንበር ላስቲክ ይመስላል።

ማልበስና መመለስ

ልብሱን እንደገና አሙቁ። መጀመሪያ የመሀሉን ሽቦ እሰሩ፣ ከዚያ ጎኖቹን፣ ከዚያ ፊትና ኋላ። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ስፌቱ ይጣመማል። የቀለበት ፒንሳ የሚባል ልዩ ፒንሳ አለ፤ ርካሽ ነው፣ ግዙት። በፕላስቲክ ማሰሪያ የሚሠሩም አሉ። ይይዛል፣ ግን ጭንቅላቱ ወደ ታች መዞሩን እዩ፤ አለበለዚያ ጭን ይወጋል። የቀሩ ሽብሽቦችን እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በእንፋሎት አሳልፉባቸው። ካውያው አንድ ቦታ ላይ አይቁም። ቆዳ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ከዚያ አይመለስም።

ወንበሩን ስትመልሱ አራቱንም ብሎን መጀመሪያ በእጅ አስገቡ። አራቱም ሳይገቡ አንዱንም አታጥብቁ። ከዚያ ኃይል በሚለካ መፍቻ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ ባለው ቁጥር አጥብቁ። የቀበቶው መቆለፊያ ወንበሩ ላይ የተያዘ ከሆነ የእሱን ብሎን ሁለቴ ፈትሹ፤ በዓይን ሳይሆን በመፍቻ። ወንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱት፣ በሁለቱም ሐዲድ በኩል ቀጭ ብሎ መቆለፉን ስሙ። አንዱ ብቻ ከቆለፈ ፍሬን ስትይዙ ወንበሩ ይሄዳል። እዚህ ጀርመን በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው ቱፍ የሚባለው የመኪና ምርመራም ወንበርና ቀበቶን ያያል።

ከሳምንት በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ነካ አድርጉ። የእኔ አንዱ ሩብ ዙር ላልቶ ነበር። የተሳፋሪውን ወንበር ገና አልነካሁትም። እናቴ ግን ባለፈው ስትመጣ ከመቀመጧ በፊት በመዳፏ መደገፊያውን አበስ አበስ አድርጋ እጇን አየችው።